ቅቤው፣ ስልኩና ጠርሙሱ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የአውሮፓ ከተማ አውሮፕላን ስቀይር አንዲት እናት ከፊቴ ተሰልፈው ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ በካልሲ ቆመዋል። ፈታሹ ከእጅ ቦርሳቸው አንድ ዕቃ ንጥር ቅቤ አወጣና ፈሳሽ ስለሆነ አያልፍም አለ። ቅቤው በብርዱ እንደ ድንጋይ ረግቷል። እማማ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ምንድነው የሚለው ይኼ ሰውዬ?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ቅቤ ነው በለዋ! ቦምብ መሰለው እንዴ?» አሉ፤ ድምፃቸው ደግሞ ገበያ የለመደ ድምፅ ነበር።

ከዚህ ሁሉ አማርኛ ፈታሹ የሰማው አንድ ቃል ብቻ ነው። ያ ቃል ትርጉም አይፈልግም። ሰልፉ ቆመ፤ የታጠቁ ፖሊሶች መጡ፤ እኔና እማማ ወደ ጎን ተወሰድን። ሃያ ደቂቃ ያህል አስተርጓሚም ተጠርጣሪም ሆኜ ቆየሁ። በመጨረሻ እኛን አሳለፉን፣ ቅቤው ቀረ። «ለአራስ ልጄ ገንፎ ነበር እኮ» አሉ እማማ፤ ሌላ ነገር አልተናገሩም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። አደጋ ሊመጣ ነው የሚለው ወሬ እንዴት ይነገራል? ለማንስ ይነገራል? የሰማውስ ሰው ምን ያድርግበት? (የውጭውን ቀን በእነርሱ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በእኛው እጽፋለሁ፤ አንባቢ እንዳይደናገር።)

የቅቤው ጉዳይ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 10 ቀን 2006 የእንግሊዝ ፖሊስ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙሶች ፈሳሽ ፈንጂ አስገብተው አትላንቲክን የሚሻገሩ አውሮፕላኖችን ሊያፈነዱ ነበር ያላቸውን ሰዎች መያዙን አስታወቀ። በዚያው ቀን ፈሳሽ ነገር ሁሉ ከእጅ ሻንጣ ታገደ። ከጥቂት ሳምንታትና ወራት በኋላ እገዳው ላላና ለእያንዳንዱ ዕቃ 100 ሚሊ ሊትር ተፈቀደ። ቅቤ፣ ማርና የጥርስ ሳሙና ሳይቀሩ ፈሳሽ ተባሉ። ጫማ ማውለቅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 22 ቀን 2001 ሪቻርድ ሪድ የተባለ እንግሊዛዊ ከፓሪስ ወደ ማያሚ በሚበር አውሮፕላን ላይ ጫማው ውስጥ የደበቀውን ፈንጂ ሊለኩስ ሲሞክር ተይዟል። አሜሪካኖች ከዚያ በኋላ ያስለመዱትን ጫማ ማስወለቅ የተዉት በ2025 ነው።

አሜሪካኖች ስጋትን በቀለም ለማሳየትም ሞክረዋል። በመጋቢት 2002 አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ብርቱካንና ቀይ ያሉት መሰላል አወጡ። ይህ መሰላል በቆየባቸው ዘጠኝ ዓመታት አንድም ቀን ከቢጫ በታች አልወረደም። ሁለቱ የታችኛ ቀለሞች ለጌጥ ተቀምጠው ከረሙ ማለት ነው። በየካቲት 2003 ብርቱካን ሲታወጅ ሕዝቡ በመርዝ ጋዝ ጥቃት ጊዜ መስኮት የሚያሽግበት ፕላስቲክና ማጣበቂያ ፕላስተር እንዲያዘጋጅ ተመከረ፤ በየሱቁም ዕቃው አለቀ። ቢጫ ሲሆን እንዲህ አድርጉ፣ ብርቱካን ሲሆን እንዲያ የሚል ተራው ሰው የሚይዘው ነገር ግን አልነበረም። መሰላሉ በሚያዝያ 2011 ቀረ። ብዙ ሰው የናፈቀው አይመስለኝም።

ለእኔ ጥያቄ ከቀለሙ ይልቅ የሚከብደው የስልኩ ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 5 ቀን 1988 ሄልሲንኪ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ስልክ ተደወለ። ደዋዩ የዓረብ አነጋገር ዘይቤ ያለው ወንድ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከፍራንክፈርት ወደ አሜሪካ የሚበር የፓን አም አውሮፕላን በቦምብ ይጋያል፤ ቦምቡን ሳታውቅ ይዛ የምትሳፈረው አንዲት የፊንላንድ ሴት ናት፤ ሥራው ከአቡ ኒዳል ቡድን ጋር የተያያዘ ነው አለ። የአሜሪካ የሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ወሬውን ለአየር መንገዶች አስተላለፈ። በውጭ ያሉ ኤምባሲዎችም ደረሳቸው። ሞስኮ ያለው ኤምባሲ ታኅሣሥ 13 ቀን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፈው። በሞስኮ የነበሩ አሜሪካውያን፣ ጋዜጠኞችም ነጋዴዎችም፣ ይህን አንብበው ጉዟቸውን እንደ ፍላጎታቸው መወሰን ይችሉ ነበር። ለገና ወደ ቤቱ ለመሄድ በፍራንክፈርት ወይም በለንደን የቆመው ተራ መንገደኛ ግን ምንም አልሰማም።

ፖሊስ መርምሮ ደዋዩ ቀጣፊ ነው አለ። ሁለቱ ሳምንት አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት መጀመሪያ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን፣ የፓን አም 103ኛ በረራ ስኮትላንድ ውስጥ ሎከርቢ በምትባል ትንሽ ከተማ ላይ ፈንድቶ ወደቀ። የበረራው መነሻ ፍራንክፈርት ነበር፤ ለንደን ላይ አውሮፕላን ተቀይሮ ወደ ኒውዮርክ የቀጠለ ነው። አውሮፕላኑ ላይ የነበሩት 259 ሰዎች፣ ምድር ላይ ቤታቸው ውስጥ የነበሩ 11 ሰዎች፣ በድምሩ 270 ነፍስ ጠፋ። ቦምቡ ሻንጣ ውስጥ በነበረ የራዲዮ ካሴት ማጫወቻ ተደብቆ ነበር።

እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። የፊንላንድ ሴት አልነበረችም። በኋላ በ2001 የተፈረደበትም የሊቢያ ሰው እንጂ የአቡ ኒዳል ሰው አልነበረም። መርማሪዎቹ የስልኩ ወሬ ከአደጋው ጋር የተገጣጠመው በአጋጣሚ ነው ብለዋል፤ እኔም የእነርሱን ቃል የምጠራጠርበት ምክንያት የለኝም። ነገር ግን ልጁን የቀበረ አባት ይህን እንዴት ይቀበል? ሟች ቤተሰቦች የጠየቁት ደዋዩ እውነተኛ ነበር ወይስ ውሸታም ብለው አይደለም። የሞስኮ ዲፕሎማት የሰማውን የእኔ ልጅ ለምን አልሰማም ነው ያሉት። መንግሥት በበኩሉ መልስ ነበረው፤ እንዲህ ያለ ዛቻ በየጊዜው ይመጣል፣ ሁሉን ብናውጅ የሚበር ሰው አይኖርም፣ ዛቻ ብቻውንም አየር መንገድን ይዘጋል የሚል። መልሱ ውሃ ያነሳል። ለአንዱ ተነግሮ ለሌላው መደበቁን ግን አያብራራም። በመጨረሻም በ1990 የወጣው የአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለውን አድልዎ ከለከለ፦ ማስጠንቀቂያ ከተነገረ ለተመረጡ መንገደኞች ብቻ አይሁን ተባለ። ይህን ያስገኙት የሟቾቹ ወላጆች፣ ባሎችና ሚስቶች ናቸው፤ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት እየተመላለሱ።

ወደ አገራችን ስመለስ የአየር መንገዳችን ሰዎች ይህን ፍርሃት ከብዙዎች ቀድመው ያውቁታል። አሜሪካኖች መንገደኛን ሁሉ መፈተሽ የጀመሩት በጥር 1973 ነው። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ዋለልኝ መኮንንና ማርታ መብራህቱ ያሉበት የሰባት ወጣቶች ቡድን ከአዲስ አበባ የተነሣ አውሮፕላን ሊጠልፍ ሲሞክር አውሮፕላኑ ላይ የነበሩ የጸጥታ ሰዎች ተኩስ ከፍተው ከአንዲት በቀር ሁሉም ሞተዋል። የዚያ ቀን ታሪክ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ እዚህ አልገባበትም።

የጠርሙሱ ነገር ግን ይቆየን አልልም። ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የበረራ ቁጥር 961 ቦይንግ 767 አውሮፕላን ወደ ናይሮቢ ተነሣ። ካፒቴኑ ልዑል አባተ፣ ረዳታቸው ዮናስ መኩሪያ ነበሩ። ካፒቴን ልዑል ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተጠልፈዋል። ሦስት ወጣቶች ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ገቡ። አሥራ አንድ ነን፣ ቦምብ አለን አሉ። እውነቱ ሦስት መሆናቸው ነው፤ ቦምብ ያሉትም የመጠጥ ጠርሙስ እንደነበር ተደርሶበታል። ሌላው መሣሪያቸው አውሮፕላኑ ላይ ለአደጋ የተቀመጠው መጥረቢያና የእሳት ማጥፊያ ነው። ፍተሻ ይህን ከየት ያግኘው? ከቦሌ ያሳለፉት ትልቁ መሣሪያ ያ ቃል ነበር።

ወደ አውስትራሊያ ውሰደን አሉ። ካፒቴኑ ነዳጁ ለናይሮቢ ጉዞ የተቀዳ መሆኑን ቢያስረዷቸውም አልሰሙም፤ አውሮፕላኑ አውስትራሊያ እንደሚደርስ በአየር መንገዱ መጽሔት ላይ አንብበዋልና። (መጽሔት አንብቦ ያላመዛዘነ ሰው እንዲህ ያደርጋል ብዬ አልቀልድም፤ 125 ሰው ሞቷል።) ካፒቴኑ የአፍሪካን ጠረፍ ይዘው ወደ ደቡብ በረሩ፤ ሲነቃባቸው ወደ ምሥራቅ ዞረው ኮሞሮስን አሰቡ። ነዳጁ አለቀ። አንዱ ሞተር ሲቆም ለመንገደኛው ሁሉ በድምፅ ማጉያ ነገሩ፦ ነዳጅ ጨርሰናል፣ በድንገት ማረፋችን ነው፣ መንገደኞችም በጠላፊዎቹ ላይ ተነሡ። ለተመረጠ ሰው አልነበረም፤ 175ቱም ሰምተዋል። የተነሣ ግን አልነበረም። በዚያ ሰዓት ቦምቡ ጠርሙስ መሆኑን ማን ያውቃል? አሥራ አንድ የተባሉትስ ማን አጠገብ ተቀምጠዋል?

አሁን ሳስበው የሚከነክነኝ የጃኬቱ ነገር ነው። ሕይወት አድን ጃኬትን አውሮፕላን ውስጥ መንፋት ክልክል መሆኑ በየበረራው ይነገራል፤ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ በዓይኔ ጋዜጣ እያነበብኩ በጆሮዬ አሳልፌዋለሁ። ያን ቀን ብዙዎች ከድንጋጤ የተነሣ ውስጥ ሳሉ ነፉት። አውሮፕላኑ ባሕር ላይ ሲያርፍ ተሰባበረ፣ ውሃ ገባ፣ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው አንሳፈፋቸውና ወደ በሩ ጠልቀው መውጣት አልቻሉም። ከተሳፋሪዎቹና ከሠራተኞቹ 50 ሰዎች ተረፉ፤ ካፒቴን ልዑልና ረዳታቸውም ከነርሱ ውስጥ ናቸው። ጋዜጠኛውና ፎቶግራፍ አንሺው መሐመድ አሚን፣ የ1977ቱን ረሃብ ለዓለም ያሳየው ሰው፣ እዚያ ሞተ።

አውሮፕላኑ የወደቀው መዝናኛ ሆቴል ከነበረበት የባሕር ዳርቻ አጠገብ ነው። ዛሬም ድረስ የሚታየውን ፊልም ያነሣችው ለሽርሽር የመጣች እንግዳ ናት። ካሜራዋን ያነሣችው አውሮፕላኑ እንዲያ ዝቅ ብሎ ሲመጣ ለቱሪስት የተዘጋጀ የአየር ትርኢት መስሏት ነበር። በዚያ ዳርቻ ለነበሩት ማንም ምንም አላስጠነቀቃቸውም። አውሮፕላኑ እንደተሰበረ የደሴቲቱ ሰዎችና እንግዶቹ ጀልባ ያለው በጀልባ፣ ዋና የሚችል በዋና፣ ወደ ሰባራው አካል ሄዱ፤ ለዕረፍት የመጡ ሐኪሞችም የወጣውን ሰው እየተቀበሉ ያክሙ ጀመር።