የቹምቤ ጠባቂዎች ጠመንጃ የላቸውም

ከዛንዚባር ከተማ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ቹምቤ የምትባል ትንሽ የኮራል ደሴት አለች። ስፋቷ 22 ሄክታር ያህል ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1904 ለመርከቦች መንገድ የሚያሳይ የመብራት ማማ ሠሩባት እንጂ መንደር አልተቆረቆረባትም።

በምዕራብ ዳርቻዋ ያለው የኮራል ሪፍ ሳይነካ የቆየው ማንም አስቦለት አልነበረም። አካባቢው የመርከብ መተላለፊያና ወታደራዊ ቀጣና ስለነበር ዓሣ አጥማጆች እንደልብ አይደርሱበትም። በሌሎች የታንዛኒያ ዳርቻዎች ግን ድማሚት እየወረወሩ ማጥመድ ብዙ ሪፍ አፍርሷል። ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ ጥቃቅን እንስሳት የሚገነቡት ነው፤ በአንድ ፍንዳታ የተናደው እስኪመለስ አሥርት ዓመታት ይፈጃል።

እ.ኤ.አ. በ1991 ሲቢል ሪድሚለር የተባሉ ጀርመናዊት ደሴቲቱን የጥብቅ ሥፍራና የትምህርት ማዕከል ለማድረግ ተነሡ። ከብዙ የቢሮ ምልልስ በኋላ የዛንዚባር መንግሥት በ1994 ሪፉንና ጫካውን ከልሎ አስተዳደሩን ሴትየዋ ላቋቋሙት ድርጅት ሰጠ።

ማን ይጠብቀው? እዚህ ላይ ነው የቹምቤ ታሪክ ከሌላው የሚለየው። የተቀጠሩት በአቅራቢያው ካሉ መንደሮች የመጡ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ትናንት መረብ ይጥሉ የነበሩ ሰዎች የኮራል ዓይነቶችን መለየት፣ የሪፉን ጤና መመዝገብ፣ ቱሪስት ማስጎብኘትና እንግሊዝኛ መናገር ሠለጠኑ። መሣሪያ ግን አልተሰጣቸውም። ጀልባ ወደ ክልሉ ሲገባ ጠባቂው ቀርቦ ያነጋግራል፦ ዓሣው እዚህ ይራባል፣ ሲበዛ ወደ እናንተ ይወጣል። ለዛሬ እራቱ ለወጣ ሰው ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። ሆኖም ተናጋሪው ራሱ የባሕር ሰው ነው፤ ዩኒፎርም ለብሶ ከከተማ የመጣ ባለሥልጣን ቢሆን ኖሮ ማን ይሰማው ነበር?

ሁለተኛው ሥራ ተማሪዎችን ማምጣት ነበር። ዛንዚባር ራሷ የቆመችው በኮራል ድንጋይ ላይ ነው፤ የስቶን ታውን አሮጌ ቤቶችም የተሠሩት በእሱ ነው። ትምህርት ቤቶቹ ግን ስለ ሪፍ የሚያስተምሩት ከምንም አይቆጠርም ነበር። በስዋሂሊ ‘ምዋምባ’ የሚለው ቃል ዐለትንም ሪፍንም ይጠራል፤ ዐለት ተብሎ የተጠራ ነገር ሊሞት እንደሚችል ለልጅ ማስረዳት ከባድ ነው። በዚያ ላይ ደሴት ላይ ተወልደው ዋና የማያውቁ ልጆች ብዙ ናቸው፣ በተለይ ሴቶቹ። ስለዚህ ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ተንሳፋፊ ጃኬት አጥልቆ ጥልቀት በሌለው ውኃ ፊትን በመንከር ነው። መምህራኑም ለብቻቸው ይሠለጥናሉ፤ አለዚያ ጉብኝቱ የአንድ ቀን ሽርሽር ሆኖ ይቀራል።

ቹምቤ እ.ኤ.አ. በ2000 ከተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ሽልማት አገኘች። ከለላው ግን ከሁሉም አልጠበቃትም። በ1998 የሕንድ ውቅያኖስ ሞቆ የምሥራቅ አፍሪካ ኮራሎች ሲነጡ የእሷም ነጥተዋል። ከዓሣ አጥማጅ ጋር ይነጋገሩ የነበሩት ጠባቂዎች ከሞቀ ውኃ ጋር የሚነጋገሩበት መንገድ የለም።

ገንዘቡም ሌላ ጣጣ ነው። የጠባቂዎቹን ደመወዝና የተማሪዎቹን ጉዞ በዋናነት የሚሸፍኑት በደሴቲቱ ሰባት ጎጆዎች የሚያርፉ ቱሪስቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና አውሮፕላኖችን ሲያስቆም የጎጆዎቹ እንግዶች ቀሩ። ሪፉ ግን ያን ጊዜም ጠባቂ ያስፈልገው ነበር።