በአንድ ጊዜ ስንት እንጋግር?

ሊጥ አቡክቶ፣ ምጣድ ጥዶ፣ ጭሱን ችሎ አንዲት እንጀራ ብቻ ጋግሮ የሚነሳ ሰው አይተን አናውቅም። ያ ሁሉ ድካም ለአንዲት እንጀራ? መቶ ከጋገሩ ደግሞ ግማሹ መሶብ ውስጥ ይሻግታል። እናቶቻችን መካከሉን በልምድ ያውቁታል።

ይህንኑ ጥያቄ ለፋብሪካ በሒሳብ የመለሰው ፎርድ ሃሪስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው፤ ዓመቱ 1913 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ትምህርቱ ከሁለተኛ ደረጃ ያልዘለለው ይህ ሰው «ፋክተሪ» በተባለ መጽሔት ላይ ቀመሩን አወጣ። ማሽን ለማዘጋጀት የሚወጣው ወጪና ዕቃ መጋዘን ለማስቀመጥ የሚወጣው ወጪ እኩል የሚሆኑበት ብዛት፣ እሱ ነው የሚያዋጣው። ቀመሩ ስኩዌር ሩት ስላለበት፣ ማዘጋጃው አራት እጥፍ ቢረክስ የሚመረተው ብዛት በግማሽ ይቀንሳል። (ጽሑፉ ተረስቶ ቀመሩ ለረጅም ጊዜ በሌላ ሰው፣ በዊልሰን ስም ሲጠራ ኖሯል። የሃሪስ ስም የተመለሰለት በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው።)

ቀመሩ ትክክል ነው። ችግሩ የተጠቀሙበት ሰዎች የማዘጋጃውን ወጪ ከሰማይ እንደ ወረደ ቁጥር መቀበላቸው ላይ ነው። «ማሽኑን መቀየር ውድ ነው፣ ስለዚህ ብዙ እናምርት» አሉ፤ መጋዘኑም ሞላ።

ጃፓን ግን ብዙ አምርቶ መደርደር የሚያስችል ገንዘብ አልነበራትም። በ1949 መንግሥት ገንዘብ ሲያጠብቅ የቶዮታ መኪና ገዢ አጣ፣ በዱቤ የተሸጠውም ገንዘቡ አልመለስ አለ። በ1950 ሠራተኛ ተቀነሰ፣ አድማ ተመታ፣ መሥራቹ ኪቺሮ ቶዮዳም ሥልጣኑን ለቀቀ። ታይቺ ኦኖ የተባለው የፋብሪካው ኃላፊ ከዚህ የወሰደው ነገር ግልጽ ነበር፤ ያልተፈለገ ዕቃ አይመረት። ለዚህ ደግሞ ጥቂት ጥቂት ማምረት፣ ማሽንንም ቶሎ ቶሎ መቀየር ግድ ሆነ።

እዚህ ላይ ሺጌዎ ሺንጎ ይመጣል። በዚያው በ1950 ሂሮሺማ በሚገኘው የማዝዳ ፋብሪካ የትልቁ ፕሬስ ቅርጽ ማውጫ ሲቀየር ቆሞ አየ። አንድ ብሎን ጠፋ። ሠራተኛው ፍለጋ ሄዶ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየና፣ ከሌላ ማሽን ረጅም ብሎን ፈትቶ፣ ቆርጦ፣ ጥርስ አውጥቶለት መጣ! ማሽኑ ግን ይህን ሁሉ ጊዜ ቆሟል። ሺንጎ ሥራውን ለሁለት ከፈለው፤ ማሽኑ ሲቆም ብቻ የሚሠራውን ለብቻ፣ ማሽኑ እየሠራ ሊዘጋጅ የሚችለውን ለብቻ። ብሎኑን ራሱን እንኳ አልማረውም፤ አሥራ አምስት ጊዜ ቢዞርም የሚያጠብቀው የመጨረሻው ዙር ነው፣ ታዲያ አሥራ አራቱ ለምንድን ነው?

ካይዘን ሲባል መጥረግና ቀለም መቀባት ብቻ ለሚታየን፣ ይህቺ የብሎን ነገር ብትታሰብ ጥሩ ነው።

በ1969 ቶዮታ ባለ 1,000 ቶን ፕሬሱን ለመቀየር 4 ሰዓት ይፈጅበት ነበር። ሺንጎና ሠራተኞቹ በስድስት ወር ወደ 90 ደቂቃ አወረዱት። አለቆቹ ግን 3 ደቂቃ ይሁን አሉ፤ ከሦስት ወር በኋላ ሆነ።

እስቲ በሃሪስ ቀመር እናስላው። 240 ደቂቃ ወደ 3 ሲወርድ 80 እጥፍ ነው፤ የ80 ስኩዌር ሩት 9 ገደማ። ወጪው በጊዜው ልክ ከቀነሰ፣ በአንድ ዙር 900 በር መምታት ያዋጣው የነበረ ፕሬስ አሁን 100 መትቶ ወደ ሌላ ሥራ ቢዞር አይከስርም።