የሳይነስ ኢንፌክሽን መንስዔ፣ ምርመራና ሕክምና

ሳይነስ በግንባር፣ በጉንጭ፣ በዓይኖች መካከልና ከአፍንጫ በስተጀርባ ባሉ አጥንቶች ውስጥ የሚገኙ አራት ጥንድ የአየር ክፍተቶች መጠሪያ ነው። ክፍተቶቹ የሚያመነጩት ፈሳሽ በጠባብ ቀዳዳዎች ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ቀዳዳዎቹ በእብጠት ሲዘጉ ፈሳሹ ይጠራቀምና የፊት ሕመም፣ የአፍንጫ መታፈን፣ ወፍራም ንፍጥና የማሽተት ችሎታ መቀነስ ይከተላል።

ዋነኛው መንስዔ ጉንፋን የሚያስከትሉ ቫይረሶች ናቸው። አለርጂ፣ ጭስ፣ የአፍንጫ ግድግዳ መጣመምና የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ሥር መመርቀዝም ለችግሩ ያጋልጣሉ። ጉንፋን ከያዛቸው 100 አዋቂዎች መካከል ሕመሙ ወደ ባክቴሪያ ኢንፌክሽን የሚሸጋገርባቸው ከ2 አይበልጡም። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አያጠፋም። በመሆኑም ጉንፋን በያዘ ቁጥር ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲላመዱ ከማድረግ ያለፈ ፋይዳ የለውም።

ሐኪሙ በሽታውን የሚለየው በአብዛኛው የሕመሙን አካሄድ በመጠየቅ ነው። ምልክቶቹ ለ10 ቀናት ሳይሻሻሉ ከቆዩ፣ መሻል ከጀመሩ በኋላ እንደገና ከባሱ፣ ወይም 39 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የደረሰ ትኩሳት ከመግል መሰል ንፍጥ ጋር ለ3 ተከታታይ ቀናት ከታየ ባክቴሪያ ይጠረጠራል። የንፍጡ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መሆን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ራጅም በተለመደው ሕመም ላይ እምብዛም አይጠቅም፤ ሲቲ ስካንና ኢንዶስኮፒ የሚታዘዙት ሕመሙ ከ12 ሳምንታት በላይ ሲዘልቅ ወይም ከባድ ችግር ሲጠረጠር ነው። በየመሥሪያ ቤቱ «ሳይነስ ተነሳብኝ» የሚባለው ተደጋጋሚ ራስ ምታት ደግሞ ንፍጥና የአፍንጫ መታፈን ከሌለው ብዙውን ጊዜ ማይግሬን ሆኖ ይገኛል።

አብዛኛው ታማሚ በሕመም ማስታገሻና አፍንጫን በጨው ውሃ በማጠብ ይሻለዋል። ውሃው ግን ቀድሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት ሁለት ሰዎች ባልፈላ የቧንቧ ውሃ አፍንጫቸውን በማጠባቸው ወደ አንጎል በዘለቀ አሜባ ሕይወታቸው አልፏል። እንደ አዲስ አበባ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው ከተሞች ውሃው ለ3 ደቂቃ ሊንተከተክ ይገባል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ መታጠን ለጊዜው እፎይታ ቢሰጥም በተለይ ሕጻናትን ለቃጠሎ ያጋልጣል። የታፈነ አፍንጫ የሚከፍቱ ጠብታዎች ከጥቂት ቀናት በላይ ከተወሰዱ መታፈኑን ያባብሳሉ። አለርጂ ላለባቸውና ሕመሙ ሥር ለሰደደባቸው በአፍንጫ የሚረጭ ስቴሮይድ ይታዘዛል፤ በዚህ ያልተሻለው ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል።

የዓይን ዙሪያ እብጠት፣ የእይታ መደራረብ፣ የአንገት መገተር፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የአእምሮ መደናገር ከታየ ኢንፌክሽኑ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንጎል ተዛምቶ ሊሆን ስለሚችል ታማሚው በዚያኑ ዕለት ሆስፒታል መድረስ አለበት።