የቆመች መኪና ዕዳ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። የዛሬው ወሬያችን ስለ መኪና ነው፤ ያውም ስለማትንቀሳቀስ መኪና። የምትሄደዋማ ወሬዋ ሞልቷል፤ ቅጣቱ፣ ካሜራው፣ የነዳጁ ዋጋ። የቆመችው ደግሞ ምን ጣጣ አላት ትሉኝ ይሆናል። ጣጣዋን ነው የምነግራችሁ። አገሩ እንግሊዝ፣ ከተማው ለንደን። የሰውየውን ስም አልጠራም፤ አንድ ሰው አይደለማ! ከዚህም ከዚያም የሰማሁትን ለቃቅሜ አንድ ሰው አድርጌዋለሁ። ሕጉን ግን አልቀባባሁትም፤ እንዳለ ነው። ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ሰውየው አሮጌ ናፍጣ ቶዮታ አቬንሲስ ነበረችው። ልጆቹን ትምህርት ቤት ያመላለሰባት፣ ለሰርግም ለለቅሶም የደረሰባት መኪና። ከዚያ ዩሌዝ መጣ። ዩሌዝ የሚሉት ጭሳቸው የሚበዛ መኪኖችን በቀን የሚያስከፍለው ደንብ ነው። በ2019 መሐል ከተማውን ያዘ፣ በ2021 ሰፋ፣ ኦገስት 29 ቀን 2023 ደግሞ ለንደንን ከዳር እስከ ዳር ጠቀለላት። እንዲህ ያለች አሮጌ ናፍጣ ከቤት በወጣችበት ቀን ሁሉ 12 ፓውንድ ተኩል። እንጀራ ገዝቶ ለመመለስ 12 ፓውንድ ተኩል!

ሰውየው አሰበ፣ አሰበና "ትቁም በቃ" አለ። እሱ የሚኖረው ፎቅ ላይ ነው፤ ስለዚህ እህቱ ቤት ወሰዳት። እህትየው ከቤቷ ፊት ለፊት የነበረችውን የአበባ ቦታ ሲሚንቶ አስደርጋባታለች፤ አንድ መኪና ልክክ ብላ ትገባለች። እዚያ አቆማት። ኢንሹራንሱን አቋረጠ። ባንክ ደወለና ለመኪና ታክስ በየወሩ የሚቆረጠውን አስቆመ። ከዚያ እናቱን ሊጠይቅ አዲስ አበባ ገባ፤ ገናን በልቶ፣ ጥምቀትን አክብሮ፣ ለፋሲካም እዚያው ዋለ።

ስሌቱን ልብ በሉልኝ። አስፋልት ለማትረግጥ መኪና ታክስ ለምን? ለማትሄድ መኪና ኢንሹራንስ ለምን? ደግሞስ የገዛ እህቱ ግቢ ውስጥ ቆማ ማን ምን አገባው? ማንም ጤነኛ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው።

እንግሊዞቹም ድሮ እንዲሁ ነበር የሚያስቡት። ከ1921 ጀምሮ የከፈለ ሰው ክብ ወረቀት ይሰጠውና መስታወቱ ላይ ይለጥፋል፤ እኛ አገር ቦሎ እንደምንለጥፈው። ወረቀት የሌለው መኪና መንገድ ላይ ከተገኘ ይቀጣል። ችግሩ ታዲያ ምን ነበር? ሳይከፍል የከረመው ሁሉ ሲያዝ አንድ መልስ ነበረው፤ "ያን ሁሉ ወር ጋራዥ ውስጥ ነበረች፣ ገና ዛሬ ነው ያወጣኋት።" አልነበረችም ብሎ ማን ይመስክር? መንግሥት ነበር ማስረዳት ያለበት። ማን ጎረቤት ሄዶ "አይ፣ በየቀኑ ሲነዳት አይቻለሁ" ይላል?

ጃንዋሪ 31 ቀን 1998 ነገሩ ተገለበጠ። ሶርን የሚባል ነገር መጣ፤ መኪናዬ ከመንገድ ወጥታለች ብሎ ለመንግሥት ማስታወቅ። ከዚያ ወዲህ ባለመኪና ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ታክስ ይከፍላል ወይ "አውጥቻታለሁ" ይላል። ዝም ማለት የሚባል ሦስተኛ መንገድ የለም። ዝምታው ራሱ ጥፋት ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ ዌልስ ውስጥ ስዋንሲ ከተማ ዲቪኤልኤ የሚባለው መሥሪያ ቤት አለ፤ የመኪና ሁሉ መዝገብ እዚያ ነው። ኮምፒውተሩ ታርጋ በታርጋ ያያል። ተከፍሎባታል? አልተከፈለም። ሶርን ተብላለች? አልተባለችም። በቃ፣ ደብዳቤ ይወጣል። ካሜራ አያስፈልገው፣ ፖሊስ አያስፈልገው። መኪናዋ ግቢ ትሁን ጓሮ፣ ጎማ ይኑራት አይኑራት፣ አይጠይቅም።

ከዚያች ቀን በፊት ታክሳቸው አልቆ፣ ባለቤት ሳይቀይሩ ከመንገድ ርቀው የቀሩትን ግን ሕጉ አልነካቸውም። አንድ የገጠር ሽማግሌ ጎተራው ውስጥ ከ1990 ጀምሮ ዶሮ የምታድርበት መኪና ካለችው ማንም አይጠይቀውም። የእኛ ሰውዬ አቬንሲስ ግን ያን ጊዜ ከነጭራሹ አልተወለደችም።

ወደ እሱ እንመለስ። ከአዲስ አበባ በርበሬውን፣ ሽሮውን ተሸክሞ ገባ። በሩን ሲገፋው አልከፈት አለው፤ ከኋላው ደብዳቤ ተቆልሏል። መጀመሪያ ታክስዎ ሊያልቅ ነው የሚል ማስታወሻ። ቀጥሎ 80 ፓውንድ ቅጣት፤ በ33 ቀን ውስጥ ለሚከፍል 40። ሠላሳ ሦስቱ ቀን እናቱ ቤት ቡና ሲጠጣበት አልፏል። ከሥሩ ደግሞ የኢንሹራንሱ። ከ2011 ጀምሮ ሶርን ያልተባለች መኪና ብትቆምም ኢንሹራንስ ሊኖራት ግድ ነው፤ ከሌላት 100 ፓውንድ፣ ፍርድ ቤት ከደረሰ እስከ 1,000። አያችሁ? አንዲት ቃል ባለመናገር ሁለት ቅጣት።

የእህቱን ልጅ ጠራው። ልጁ እዚሁ የተወለደ ነው፤ አማርኛው ደህና ነው፣ ስልክ ላይ ደግሞ ጣቱ አይታይም።

"ጋሼ፣ ባንክ ደውለህ ክፍያውን ማስቆምና ሶርን ማድረግ አንድ አይደለም እኮ።"

"እንዴት አይደለም? አልከፍልም አልኩ፣ አልነዳም ማለት ነው።"

"አይደለም። አልከፍልም ነው ያልከው፤ አልነዳም አላልክም።"

ከዚያ ሎግቡኩን፣ ማለት ሊብሬዋን አምጣ አለው። እላዩ ላይ ያለውን 11 አኃዝ ቁጥር ስልኩ ላይ አስገባ፣ ቡናው ሳይፈላ አለቀ። ስንት ነው ሲል ነጻ ነው። እንደውም ሲጀመር እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ የወር ክፍያው በራሱ ይቆም ነበር፤ የዓመቱን አስቀድሞ የከፈለ ሰው ደግሞ የቀሩት ሙሉ ወራት ገንዘብ ይመለስለታል። ሰውየው ራሱን ያዘ።

እኔን ብትጠይቁኝ ሰማንያው ፓውንድ አያናድደኝም፤ ማስታወሻ ተልኮለታል። የሚያናድደኝ የድሮው ነው። እስከ 2013 መጨረሻ ድረስ ሶርን በየዓመቱ ነበር የሚታደሰው። አንዴ ተናግሮ አርፎ የተቀመጠ ሰው፣ መኪናዋ ከቦታዋ ስንዝር ሳትነቃነቅ፣ በዓመቱ ይቀጣ ነበር። ይሄ ግፍ ነው። ከዲሴምበር 16 ቀን 2013 ወዲህ ግን አንዴ ከተናገርክ እስክትከፍል ወይ እስክትሸጥ ድረስ ማንም አይነዘንዝህም።

እህትየውም ፈርታለች። "ግቢዬ ገብተው ሊወስዷት ነው?" ትላለች። ልጁ አረጋጋት፤ መኖሪያ ቤት ግቢ ገብተው ጎማ አይቆልፉም። ፎቅ ሥር ያለ የጋራ ማቆሚያ ቢሆን ሌላ ነው። የግል መሬት ነው ተብሎ የሚታለፍበት ዘመን በ2008 በወጣው ሕግ አክትሟል፤ ታክስም ሶርንም የሌላት መኪና እዚያ ብትቆም ሊቆልፏት ይችላሉ። ሶርን ያላትንም ቢሆን የቤት አከራዮች በውላቸው ላይ "ታክስ የሌለው መኪና አይቆምም" ብለው የሚጽፉበት ጊዜ ብዙ ነው። ማዘጋጃ ቤቱም የራሱ በትር አለው። የተጣለ ዕቃ የመሰለች መኪናን በ1978ቱ ሕግ፣ ሰፈሩን ያስጠላ ግቢን ደግሞ በ1990ው የፕላን ሕግ አጽዱ ማለት ይችላል። ታክስ አለመክፈል ብቻውን ግን መኪናን የተጣለች አያሰኛትም።

አሁን ሰውየው ተገላገልኩ ብሏል። ነገሩ ገና መጀመሩ ነው።

አንድ ቀን እህትየው የቆሻሻ በርሜሎቿን የምታስቀምጥበት አጣች። "ወንድምዬ፣ እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ በልልኝ" አለችው። ባትሪው ሞቷል፤ ማርሹን ነጻ አደረጉና ሁለቱ ወንዶች በእጃቸው ገፏት። ግቢዋ አጭር ናት ብያችኋለሁ። የአጥሩ መሠረት የነበረች አንድ ረድፍ ጡብ አለች፤ ከእሷ ወዲህ የእህትየው ሲሚንቶ፣ ከእሷ ወዲያ የእግረኛው መንገድ ንጣፍ። የኋላ ጎማዎቹ ጡቧን ተሻገሩና ንጣፉ ላይ ዐረፉ። ቢበዛ ሁለት ስንዝር ቢሆን ነው። በርሜሎቹም ቦታ አገኙ።

በማግሥቱ አንደኛው የኋላ ጎማ ላይ ብረት ተቆልፎበታል፤ መስታወቱ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል።

"ሞተሯን እንኳ አላስነሳሁም!" አለ ሰውየው። "በእጄ ነው የገፋኋት!"

እውነቱን ነው፣ ግን አይጠቅመውም። ሕጉ የሚቀጣው በሕዝብ መንገድ ላይ ታክስ የሌለውን መኪና የነዳንም ያቆመንም ነው። የሕዝብ መንገድ ደግሞ በሕዝብ ገንዘብ የሚጠገነው ሁሉ ነው፤ የእግረኛው ንጣፍም ጭምር። ሶርን ያልካት መኪና እዚያ ወጥታ ከተገኘች ቃልህን አጠፍክ ማለት ነው። ነድተሃት ቢሆን ኖሮ ፍርድ ቤት እስከ 2,500 ፓውንድ ሊቀጣህ ይችል ነበር።

ማስፈቻው 100 ፓውንድ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ። ካለፈ ተጎትታ ትሄዳለች፤ እዚያ 200፣ ላዩ ላይ ለየቀኑ ማደሪያ 21። ታክስ ከፍያለሁ ብሎ ማሳየት የማይችል ደግሞ 160 ፓውንድ መያዣ ያስይዛል፤ በ15 ቀን ውስጥ ታክሱን ከፍሎ ካሳየ ይመለስለታል፣ ካላሳየ ይቀራል። ሰውየው መቶውንም መቶ ስልሳውንም ከፈለ። ብረቱ ሲወልቅለት መጀመሪያ ያደረገው መኪናዋን ወደ ውስጥ መግፋት ነበር። በርሜሎቹ መንገድ ላይ ቀሩ።

አሁን መያዣውን ለማስመለስ ታክስ ይክፈላ! ስልኩን አወጡ። አይሆንም፣ ኤምኦቲ የላትም። ኤምኦቲ የዓመት የቴክኒክ ምርመራቸው ነው። ምርመራ ያላለፈች መኪና ታክስ አትከፍልም፤ ታክስ የሌላት መንገድ አትወጣም፤ መንገድ ያልወጣች ደግሞ ምርመራው ጋ አትደርስም። ሰውየው ይሄን ሲሰማ ሳቀ፤ ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም።

ሕጉ አንዲት በር ትቶለታል። አስቀድመህ ቀንና ሰዓት ከያዝክ፣ ታክስ ሳይኖርህ ሶርን የሆነችውን መኪና ወደ ምርመራ ነድተህ መሄድም መመለስም ትችላለህ። ለዚያ ጉዳይ ብቻ። ኢንሹራንስ ግን ግድ ነው። እሱም ለአንድ ቀን የሚሸጥ ኢንሹራንስ ገዛ፤ ልጁ ከጎረቤት መኪና ባትሪውን አስነሳለት፤ ወጡ። መንገድ ላይ እህትየው ደወለች።

"እዚያው አጠገብ ያለችው የሐበሻ ሱቅ ጎራ ብላችሁ እንጀራ ያዙልኝ።"

"አይቻልም" አለ ሰውየው። "እንጀራ በሕግ ተከልክያለሁ።"

አትሳቁ፣ እውነቱን ነው። ጉዞው ለምርመራው ብቻ ነው ከተባለ ብቻ ነው፤ ሱቅ ጎራ ያለ ሰው ከዚያች በር ወጥቷል። ዩሌዝ ደግሞ ይሄን ሁሉ አያውቅም፤ ለምርመራም ሂድ ለሽርሽር የዕለቱን 12 ፓውንድ ተኩል ይቀበላል።

መርማሪው ከሥር አየ፣ ከላይ አየ። አንድ ጎማ በቆመችበት ተሰነጣጥቋል፣ የኋላ ፍሬን ደክሟል፤ ወደቀች። ደግነቱ "አደገኛ" የሚል አልተጻፈባትም፤ ያ ቢጻፍ በጭነት መኪና ካልሆነ አትነቃነቅም ነበር። ለዚህም ሕጉ አስቦለታል፤ በምርመራ የወደቀች መኪና አስቀድሞ ወደተነጋገሩበት ጋራዥ ለጥገና ብቻ መሄድ ትችላለች። ሄደች፣ ተጠገነች፣ ተመልሳ አለፈች። የዚያኑ ዕለት የዓመት ኢንሹራንስ ገዛ፣ ታክሱንም ከፈለ። ስትከፍል ሶርኑ በራሱ ይሰረዛል። አሥራ አምስቱ ቀን ሳይሞላ 160ውን አስመለሰ።

ከዚያማ ምኗን ይያዛት? ሸጣት። ገዢው ከሌስተር በባቡር መጣ፤ እዚያ የለንደኑ ዓይነት የጭስ ክፍያ የለም። ገንዘቡን ቆጥሮ፣ ቁልፉን ተቀብሎ መሪው ላይ ተቀመጠ።

ልጁ መስኮቱን አንኳኳ። "ታክስ ከፍለሃል?"

"ተከፍሎባታል አላላችሁም እንዴ?"

"እሱ የከፈለው የእሱ ነው። አንተ ጋ አይመጣም።"

ይሄም የ2014 ነገር ነው። ከኦክቶበር 1 ቀን 2014 ጀምሮ መስታወት ላይ የሚለጠፈው ክብ ወረቀት ቀረ፤ ታክሱም ከመኪናዋ ጋር መሸጡ ቀረ። ሶርንም እንዲሁ ነው፤ ሶርን ሆና የተገዛች መኪና አዲሱ ባለቤት ራሱ ካልተናገረላት እንዳልተነገረላት ትቆጠራለች። ገዢው ከሎግቡኩ የተቀደደችለትን አረንጓዴ ቁራጭ አወጣ፤ እላይዋ ላይ 12 አኃዝ አለ። መሪውን በክርኑ ተደግፎ አንድ በአንድ አስገባ፣ ከፈለ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ሄደ።

የሰውየውስ ገንዘብ ትሉኛላችሁ። ዲቪኤልኤ መሸጧ ሲነገረው ያልተነኩትን ሙሉ ወራት አስልቶ ቼክ ላከለት፤ የተጀመረው ወር አይመለስም። ሰማንያውና የኢንሹራንሱ መቶ፣ የብረቱም መቶ፣ እንደወጡ ቀሩ። እሱ አሁን በአውቶቡስ ነው የሚሄደው።