የጋፋት ዘመን የዓይን ወሬ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የማወጋችሁ የዓይን ነገር ነው። ከጉና ግርጌ እስከ ፎገራ ሜዳ ሁለቱን የዓይን ጠላቶች የማያውቅ ቤት የለም። አንደኛው ትራኮማ ነው፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌን ሲፈገፍግ እናቶች ወረንጦ ይዘው እርስ በርስ ይነቃቀላሉ። ሁለተኛው ሞራ ነው፤ እሱስ ሲገፈፍ ብርሃን ይመለሳል። የእኔ ወሬ ግን የሦስተኛው ነው፤ የዓይን ግፊት የምንለው፣ የግላኮማ። አብዛኛውን ጊዜ አይቆጠቁጥ፣ አያቀላ፣ ነጭ አይጥል። የጋይንት ማሳ በጎርፍ ከዳር ከዳሩ እንደሚሸረሸር እይታን ከዳር ይበላል፤ ባለቤቱ የሚያውቀው መሀሉ ላይ ሲደርስ ነው።

የጥንት ግሪኮች ስሙን ያውቁት ነበር። በሂፖክራጥስ ስም በሚጠሩት ጽሑፎች ከሽማግሌ ደዌዎች ጋር ተቆጥሯል። ከሞራ ግን በቅጡ አልለዩትም፤ ለዘመናት እንደተምታታ ኖረ። በ1622 (ዘመኑን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ሪቻርድ ባኒስተር የሚባል እንግሊዛዊ የዓይን ሐኪም፣ የማይድነው ዓይን በጣት ሲጫኑት ደንድኖ እንደሚገኝ ጻፈ። ልብ ያለው አልነበረም። በ1830 የግላስጎው ሐኪም ማኬንዚ ስለዚሁ ድንዳኔ ጻፈ። ቢሆንም የሕያው ሰው ዓይን ውስጡ ጨለማ ነበር፤ ማን ገብቶ ይይ?

በ1851 ሄልምሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ የዓይንን ጓዳ የሚያሳይ መስታወት ይፋ አደረገ። በርሊን ላይ አልብረኽት ፎን ግሬፈ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ሐኪም፣ በዚያ መስታወት የግላኮማ ሕሙማንን የዓይን ነርቭ ራስ አየ። «አብጧል» ብሎም ጻፈ። ነርቩ ግን ጎድጉዶ ነበር። በአንድ ዓይን በመስታወት ለሚያይ ሰው ጉብታና ጉድጓድ ይምታታሉ። ብዙም ሳይቆይ የራሱን ቃል አረመ፤ እኔን ከግኝቱ ይልቅ ይህ ማረሙ ነው የሚደንቀኝ። በ1857 ደግሞ ከዓይን መጋረጃ (ከአይሪስ) ቁራጭ ቆርጦ በማውጣት ግፊቱን እንደሚያበርድ አሳወቀ። ለሚያሠቃየው፣ ድንገት ለሚነሣው ዓይነት ሠራ። ለዝምተኛው ግን አልሆነም።

ያን ጊዜ እዚህ ማን ነበር? ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸዋ! ደብረ ታቦርን መናገሻ አድርገው፣ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሠራተኞችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩ ነበር። ሄንሪ ብላንክ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እንኳ በ1866 ከጓደኞቹ ጋር በቁም እስር እዚሁ ቆይቷል። ንጉሡ በ1868 መቅደላ ላይ ወደቁ፤ ግሬፈም በ1870 ገና በ42 ዓመቱ ሞተ። የዚያ መስታወት ነገር ለደብረ ታቦር ሰው የሚደርሰው ገና ብዙ ቆይቶ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ይፈጥናል። በ1905 ኖርዌያዊው ሺዮትዝ የግፊት መለኪያውን ሠራ፤ ድንዳኔው ቁጥር ሆነ። ቁጥሩ ግን ሐኪሞችን አዘናጋቸው። ግፊቱ ከፍ ብሎ ነርቩ የማይጎዳ ሰው አለ፤ ግፊቱ ልከኛ ሆኖ የሚታወርም አለ። ስለዚህ ዛሬ ግላኮማ የሚባለው የነርቩ ጉዳት ነው፤ ግፊቱ ደግሞ በእጃችን ልናወርደው የምንችለው ነገር ነው። በ1968 ኬርንዝ የተባለ ሐኪም የዓይንን የውስጥ ፈሳሽ ማስወጫ ቀዶ ሕክምና ጻፈ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ግፊቱን የሚያወርደው ቲሞሎል ጠብታ መጣ።

በእኛው አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. በአገሪቱ በተደረገ የዳሰሳ ጥናት ከመቶ ሰው 1.6ቱ ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኘ። ከመንስኤው ሞራ ግማሽ ያህሉን፣ ትራኮማ 11.5 በመቶውን፣ ግላኮማ 5.2 በመቶውን ያዙ። ትንሽ ነው አትበሉ። ከሞራው ብዙው ይገፈፋል፤ በግላኮማ የሄደው አይመለስም። ሽማግሌው «ሞራዬን ግፈፉልኝ» ብሎ ጎንደር ይደርሳል፤ ሐኪሙ ግን አንዱ ዓይን ማለቁን፣ የቀረውን ብቻ ማዳን እንደሚቻል ይነግረዋል። ይህን ቃል ከመስማት ቀድሞ መሄድ ይሻላል።

እናንተ ዕድሜያችሁ ከ40 ያለፈ፣ ይልቁንም አባት እናት ወይም ወንድም እህት በዚህ ደዌ የታወረባችሁ፣ ባያማችሁም ሂዱና ነርቩን እንዲያዩላችሁ ጠይቁ። ዓይን ሲያሳክክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛውን ዴክሳሜታዞን የተባለ ጠብታ ለወራት አታንጠባጥቡ፤ ግፊቱን እሱ ራሱ ሊያስነሣው ይችላል። ጸበሉንም ተጠመቁ፤ የግፊቱ ጠብታ ከታዘዘላችሁ ግን አንድ ቀን እንኳ አታቋርጡ።