በአረፋ የተንሳፈፈው የብሮክን ሂል ዚንክ

በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት የሚገኘው የብሮክን ሂል የብር፣ የእርሳስና የዚንክ ክምችት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1883 ነው። ከላይ የነበረው ማዕድን ለማቅለጥ አላስቸገረም። ቁፋሮው እየጠለቀ ሄዶ እርሳስና ዚንክ ከድኝ ጋር ተዋህደው ወደተቆላለፉበት ድንጋይ ሲደርስ ግን ሥራው ከበደ።

የተለመደው ዘዴ የተፈጨውን ድንጋይ በውሃ እያጠቡ በክብደት መለየት ነበር። የእርሳሱ ማዕድን ከውሃ 7.5 እጥፍ ስለሚከብድ ቶሎ ይዘቅጣል። የዚንኩ ግን 4 እጥፍ ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ አብረውት ካሉት ሮዶናይትና ጋርኔት ከተባሉ ድንጋዮች በክብደት አይለይም። ስለዚህ ዚንኩ ከጥራጊው ጋር እየተጣለ እንደ ኮረብታ ተቆለለ።

መፍትሔው የተገኘው ከክብደቱ ሳይሆን ከማዕድኑ ገጽ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የሜልበርኑ ቢራ ጠማቂ ቻርልስ ፖተርና የብሮክን ሂል የማዕድን ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ጊዮም ዴልፕራ፣ በየፊናቸው፣ ድንጋዩን አሲድነት ባለው ሙቅ ፈሳሽ ሲዘፈዝፉት የሚፈጠሩት የጋዝ አረፋዎች ዚንኩን ይዘው እንደሚወጡ አሳዩ። በ1905 ሰልማን፣ ፒካርድና ባሎት ከድንጋዩ ክብደት መቶኛውን እንኳ የማይሞላ ዘይት ጨምሮ በኃይል መምታት ማዕድኑን ለማንሳፈፍ በቂ መሆኑን በፓተንት አስመዘገቡ።

በ1925 ኮርኔሊየስ ኬለር ዘይቱን በዛንቴት ተካ። የዛንቴት ሞለኪውል ራስና ጅራት አለው፤ ድኝ ያለበት ራሱ ማዕድኑ ላይ ይጣበቃል፣ ውሃ የማይወደው የሃይድሮካርቦን ጅራቱ ወደ ውጭ ይቀራል። ቅቤ በተቀባ ፀጉር ላይ ያረፈ የውሃ ጠብታ ድቡልቡል ሆኖ እንደሚንከባለል ሁሉ፣ እንዲህ የለበሰው ማዕድንም ውሃን ገፍቶ ከአየር አረፋ ጋር ይጣበቃል። ዛንቴት ያልያዘው ተራ ድንጋይ እንደረጠበ ይዘቅጣል። ዚንኩ ዛንቴትን በሚገባ እንዲይዝ አስቀድሞ ትንሽ የመዳብ ሰልፌት ይጨመርለታል።

በ1930ዎቹ አውስትራሊያዊው ኢያን ዋርክና ባልደረቦቹ፣ ኢታይል ዛንቴት በለበሱ የተለያዩ የሰልፋይድ (ከድኝ ጋር የተዋሃዱ) ማዕድናት ላይ ውሃው ከማዕድኑ ገጽ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን ለኩ። ማዕድኑ ቢለያይም ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ገደማ ሆነ፤ ጅራቱ ሲረዝም ደግሞ ጨመረ። ውሃው የሚገናኘው ከማዕድኑ ጋር ሳይሆን ከለበሰው ስስ ሽፋን ጋር ነበር ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ሽፋን ሲበዛ ውጤቱ ሊገለበጥም ይችላል። እንደ ዛንቴት ራስና ጅራት ያላቸው አሚን የተባሉት ውህዶች ኳርትዝ ላይ ከመጠን በላይ ሲበዙ ሁለተኛ ሽፋን ይፈጠራል፤ የዚህኛው ራስ ወደ ውሃው ስለሚዞር ድንጋዩ መልሶ ይረጥባል። መጠኑን መጠበቅ የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የብሮክን ሂል ቁልልም ተመልሶ ተፈጭቶ ዚንኩ ወጣለት። ዛሬ ከሰልፋይድ ማዕድን የሚገኘው የዓለም መዳብ፣ እርሳስና ዚንክ አብዛኛው የሚለየው በዚሁ አረፋ ነው።