የመንዝ ጓሳና ምንጮቹ

በሰሜን ሸዋ የሚገኘው የመንዝ ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ውርጫም ምድር ነው። ዝናቡንና ጭጋጉን በሣሩ ሥር ይዞ በበጋ ቀስ እያለ ለወንዞች ይለቃል፤ ውኃው በከፊል ወደ ዓባይ፣ በከፊል ወደ አዋሽ ይወርዳል።

የቀድሞው የጥበቃ ሥርዓት ቀሮ ይባል ነበር። መነሻው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። የአስቦና የገራ ባለ ርስቶች በየወገናቸው አባ ቀራ ይመርጣሉ፤ እርሱም ምድሩን ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ከብት ማሰማራትም ሆነ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን የጓሳ ሣር ማጨድ ክልክል ነው። ሲከፈት ደግሞ በበጋ፣ በደንብ ነው። ደንብ የጣሰ ይቀጣል። እርግጥ ነው፣ ርስት የሌለው ሰው ከዚህ ሁሉ ድርሻ አልነበረውም፤ ይህን ሳያነሡ ቀሮን ብቻ ማወደስ ሚዛን ያጎድላል።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ርስት ቀረ፤ አባ ቀራውም ከርስቱ ጋር ሥልጣኑን አጣ። ጓሳው የሁሉም ሆነ፣ ጠባቂ ግን አጣ። ያለ ወቅቱ ይታጨድና ይጋጥ ጀመር።

ነዋሪው ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በየገበሬ ማኅበሩ የጓሳ ኮሚቴ መርጦ የመዝጋቱንና የመክፈቱን ልማድ መለሰ። በዚህ ጊዜ ባለ ርስት የነበረውም ያልነበረውም በአንድ ጉባኤ ተቀመጠ። በ2000ዎቹ ዓ.ም. የአማራ ክልል መንግሥት ቦታውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ አወቀው። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳውም ከዚያው ሣር መካከል ይኖራሉ።